ውጅግራ ሲገመገም፦ ጠመንጃው ደህና ነው፣ ጣጣው ጥይቱ ላይ ነው

«ውጅግራ» የሚለው ስም «ፊዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ፊዚ ጠመንጃ ማለት ሲሆን ግራ ደግሞ የነደፈው መኮንን ስም ነው። በአያቶቻችን አፍ ተሟሽቶ ውጅግራ ሆነና በቀረርቶና በፉከራ ውስጥ እስከ ዛሬ ቀረ። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ለእግረኛ ተዋጊ በዘመኑ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ በብዛት ማግኘት ከባድ ነበር። ጉድለቱን ለማየት ግን ከብረቱ ይልቅ ዝናሩን መፈተሽ ይሻላል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

ሞዴል 1874 ይባላል። አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር ነው፣ ያለ ሳንጃ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ይሆናል፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። አንድ ጎራሽ ነው፤ ካርታ (ብዙ ጥይት የሚይዝ ማጎሪያ) የለውም። እጀታውን ወደ ላይ አንስቶ ወደ ኋላ ሲስቡት ባዶው ቀለህ ይወጣል፣ አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ ገፍተው እጀታውን ወደ ቀኝ ይደፉታል፣ ከዚያ ወደ ትከሻ ነው። ከእሱ በፊት በነበረው ሻስፖ ላይ ተኳሹ መምቻውን ለብቻ መሳብ ነበረበት፤ ግራ ያንን አስቀረ። በጭንቅ ሰዓት አንዲት እንቅስቃሴ መቀነሷ ብዙ ነው።

ጥይቱ የናስ ቀለህ፣ ከ5 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ጥቁር ባሩድና 25 ግራም ገደማ እርሳስ አለው። እርሳሱ ከባድ ስለሆነ የመታውን ይጥላል። በአንጻሩ ጥቁር ባሩድ ወፍራም ነጭ ጭስ ስለሚተፋ ሁለት ሦስት ጊዜ የተኮሰ ሰው ቦታውን ያስነቃል፣ ነፋስ ከሌለ ደግሞ ራሱም ዒላማውን አያይም። ጥቀርሻው አፈሙዙ ውስጥ ይጋገራል፤ ውሃ ባለበት ካልታጠበ በሳምንት ይዝጋል። ቀለህ ሲሰነጠቅ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለስ ስለነበር በ1880 ጋዙ ወደ ጎን እንዲወጣ ብረቱ ላይ ቦይ ተቆረጠለት። ይህ ማሻሻያ ያለው «ኤም 80» የሚል ምልክት አለው።

ይህን ያህል ጠመንጃ እንዴት ወደ ቀይ ባሕር ወረደ? ፈረንሳይ በ1871 በጀርመኖች ከተሸነፈች በኋላ ሠራዊቷን በሙሉ በግራ አስታጠቀች። በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰው 8 ሚሊሜትሩ ለበን ሲመጣ ያ ሁሉ ግራ በአንድ ጊዜ አሮጌ ዕቃ ሆነ። ፋብሪካ ትናንት የሠራውን ዛሬ ሲጥል ገዢ ይፈለግለታል፣ ገዢው ደግሞ በኦቦክና በታጁራ ወደቦች በኩል ተገኘ። ሐረርና ሸዋ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ነበራቸው። ባለቅኔው አርተር ራምቦ ሳይቀር በዚህ ንግድ ገብቶ በ1887 ወደ 2,000 የሚጠጉ ያረጁ ጠመንጃዎች ለምኒልክ አምጥቷል። ንጉሡ ተከራክረው ዋጋውን ሰበሩት፤ ክፍያውንም ሐረር ሄዶ ከገዥው ከመኮንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጥተው ሸኙት። ጣልያንም ብትሆን ምኒልክን ከአፄ ዮሐንስ ለመነጠል በዚያው ዓመት 5,000 ሬሚንግተን ቃል ገብታለች። ቅኝ ገዢዎቹ እርስ በርስ መቀናናታቸው ለሸዋ ገበያ ከፈተለት ማለት ይቻላል። በ1890 ብራስልስ ላይ ተሰብስበው ዘመናዊ መሣሪያ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ሲስማሙ መጋዘኑ ብዙ ተሞልቷል።

ከሌሎቹ ጋር ሲወዳደር? ሰናድር፣ የናፒየር ጦር በ1868 መቅደላ ላይ የያዘው፣ ከፊት የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ተቆርጦ ከኋላ እንዲጎርስ የተደረገ ነው፤ ከውጅግራ ጋር አይወዳደርም። ሬሚንግተን፣ ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፆች የተማረከው፣ በጥንካሬ ይበልጠዋል፤ ዕቃው ጥቂት ነው፣ አሸዋ ቢገባበትም ይሠራል። ዓድዋ ላይ ጣልያኖች የያዙት ቬተርሊ አራት ጥይት በካርታ ይይዛል፣ በፍጥነት ውጅግራን ይቀድማል። ታዲያ የካቲት 23 ቀን ፍጥነቱ አላዳነም። ወደ 17,700 የሚሆነው የጣልያኑ ጄኔራል የባራቲየሪ ጦር በተሳሳተ ንድፍ ካርታ ምክንያት ብርጌዶቹ ተራርቀው ሳለ ወደ 100,000 ሰው መጣበት። ጥይት የሚቆጥብ አንድ ጎራሽ ከብዙ እጅ ሲተኮስ የካርታውን ጥቅም ይበላዋል።

የመጀመሪያው ሸክም የጥይት መደባለቅ ነው። የውጅግራም የሬሚንግተንም ጥይት ሲያዩት «11» ነው፣ የቀለሁ ርዝመትና ቅርጽ ግን ስለሚለያይ አንዱ በአንዱ ውስጥ አይሠራም። በአንድ ጦር ውስጥ አራት ዓይነት ጠመንጃ ካለ ስንቅ ቤቱ አራት ዓይነት ሣጥን መለየት አለበት፤ በሌሊት ጉዞ ይህ የሚያመጣውን ጣጣ መገመት ነው። ሁለተኛው፣ ያለቀ ቀለህ ተለቅሞ ባሩድና እርሳስ እየተሞላ እንደገና ይተኮስ ነበር። ናሱ በየተኩሱ ስለሚያብጥ መሳቢያው ጥርስ ጠርዙን ይስታል፣ ቀለሁም ውስጥ ይቀራል። ገበያ ላይ ጥይቱ ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሄድ ነበር፤ ገንዘቡን የሚተኩስ ወታደር እንደሚቆጥብ ግልጽ ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ጥይት የሚያመርት ፋብሪካ አለመኖሩ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ፈረንሳይን የተዋጋው የሳሞሪ ቱሬ አንጥረኞች የፈረንሳይን ጠመንጃ አስመስለው እስከ መሥራት ደርሰው ነበር፤ እነሱም ቢሆኑ በእጅ የሚሠራ ጠመንጃ የፋብሪካን ያህል ሊበዛ ስለማይችል እስከ 1898 ነው የቆዩት። እኛ ጋ በ1935 ጦርነቱ ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣልያን የራሷን የምታመርት ነበረችና አልጎዳትም። የእኛ ሰው ብዙው ያንኑ የአባቱን ውጅግራ ይዞ ወጣ፤ አርባ ዓመት የቆየ ባሩድ ያለበት ጥይት ደግሞ ከአራቱ ስንቱ እንደሚፈነዳ ማንም አያውቅም። አርበኞች በኋላ ከጠላት የማረኩትን ጠመንጃ የመረጡት ጥይቱም አብሮ ስለሚማረክ ነው።

ዛሬ ለቅርስነት መግዛት የሚፈልግ በግራ ጎኑ ብረት ላይ የተቀረጸውን ያንብብ፤ የፋብሪካው ስም (ብዙ ጊዜ ሴንት ኤቲየን) እና 1874 አለ። ቁጥሩ ከአንድ ፊደል ጋር በአፈሙዙ፣ በእጀታው ብረትና በእንጨቱ ላይ አንድ ከሆነ ዕቃው አልተቀያየረም። ሳንጃው በቀላሉ ይለያል፤ 52 ሳንቲ ስለታም ምላጭ፣ የቲ ቅርጽ፣ የእንጨት እጀታና የናስ ጉልላት፣ በጀርባው ላይ ደግሞ የተሠራበት ወርና ዓመት ተጽፎ ታገኛላችሁ። አትተኩሱበት፤ ጥቀርሻው የበላውን አፈሙዝ በዓይን መለየት አይቻልም። አገር ቤት ያገኘነው ቅርስ ደግሞ በአዋጅ 209/1992 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ አሜሪካ ያላችሁ በፌዴራል ሕግ እስከ 1898 የተሠራው እንደ ጥንታዊ ዕቃ እንደሚታይ እወቁ፣ የክፍለ ግዛቱን ሕግ ግን ለየብቻ ጠይቁ።

ዋጋ ከመክፈላችሁ በፊት የአፈሙዙን አፍ በመለኪያ ለኩ። 8 ሚሊሜትር ከሆነና «ኤም 14» የሚል ምልክት ካለው፣ በ1914 ለለበን ጥይት የተቀየረ ነው። ሻጩ «ዓድዋ የዋለ ነው» ካላችሁ፣ ያ ሥራ የተሠራው ከዓድዋ 18 ዓመት በኋላ መሆኑን ንገሩትና ዋጋውን ቀንሱ።