የ1890ዎቹን ጉርድ ቤት ውስጥ ለመስፋት፦ በእግር የሚረገጠው ሲንጀር

በ1890ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአውሮፓና የአሜሪካ ሴቶች ይለብሱት የነበረውን፣ ከፊት ዳሌ ላይ ልሙጥ ሆኖ ከኋላ በጥልቅ ሽንሽን የሚወርደውን ረጅም ጉርድ ቤቱ ለመስፋት የሚነሳ ሰው፣ ከጨርቁ ምርጫ ቀጥሎ የሚያስጨንቀው የስፌት መኪናው ነው። በእኔ ግምገማ ክላስ 15 የሚባለው፣ በእግር የሚረገጠው ጥቁሩ ሲንጀር ለዚህ ሥራ ዛሬ በየሱቁ ከሚሸጡት ቀላል የፕላስቲክ መኪናዎች ይበልጣል።

ምክንያቱ ከጉርዱ አሠራር ይነሳል። ጉርዱ ከወገብ ጠበው ወደ ታች እየሰፉ ከሚሄዱ ቁራጮች የሚገጣጠም ስለሆነ፣ ዋና ዋናዎቹ ስፌቶች አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ቀጥ ያሉ መስመሮች ናቸው። ሱፉና የጥጥ ገበሩ አስቀድመው ተወስውሰው እንደ አንድ ጨርቅ ስለሚሰፉ፣ ሁለት ቁራጭ ሲገጠም መርፌው አራት ድርብ ይበሳል፤ ወገቡ ላይ ደግሞ ከዚያም ይበዛል። ቀላሉ መኪና እዚህ ቦታ ላይ ሲንተፋተፍ፣ ከባዱ ሲንጀር በ90 ወይም በ100 ቁጥር መርፌ ሳይደናቀፍ ያልፋል።

ከጉልበቱ ይልቅ የምወድለት ግን ሁለቱንም እጅ ነፃ መተዉን ነው። ከሚገጣጠሙት ጠርዞች አንዱ በጨርቁ ክር ልክ፣ ሌላው በሰያፍ የተቆረጠ ሲሆን፣ ሰያፉ ትንሽ ሲጎተት ይለጠጥና ስፌቱን ያጨማድደዋል። ስለዚህ ሰያፉን ጠርዝ ከሥር አድርጎ፣ ከወገብ ጀምሮ ወደ ታች፣ በአንድ እጅ ከፊት እየመሩ በሌላው የጨርቁን ክብደት እየደገፉ ቀስ ብሎ መስፋት ያስፈልጋል። በእጅ የሚዞረው ሲንጀር አንዱን እጅ ስለሚወስድ ይህን አይፈቅድም፤ በእግር የሚረገጠው ግን አንድ አንድ ጥልፍ እስከ መጣል ድረስ ይታዘዛል።

ለታሪካዊነቱ ለሚጨነቅም ሰው ምርጫው አያሳፍርም። አይዛክ ሲንጀር ለስፌት መኪናው የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1851 ሲሆን፣ በተለያየ ልክ የተዘጋጀ የወረቀት ፓተርን (ጨርቁ የሚቆረጥበት ንድፍ) በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው በ1863 ነው። በ1890ዎቹ እንዲህ ያለ ጉርድ በብዙ ቤት በመኪና ይሰፋ ነበር።

የማይረዳበት ቦታም አለ። የኋላው ሽንሽን በረጃጅም ጥልፍ፣ በትይዩ መስመሮች በእጅ ተወስውሶ ክሩ ሲሳብ ነው የሚቆመው፤ ከዚያም የእያንዳንዱ እጥፋት ጫፍ ከወገቡ ጋር በእጅ ይያያዛል። አድካሚ ነው፤ ጉርዱ ውበቱን የሚያገኘውም እዚሁ ላይ ስለሆነ በመኪና ለማሳጠር መሞከርን አልመክርም። ታችኛውን ጠርዝ ከመቀምቀም በፊትም ሰያፉ ወርዶ እስኪረጋ ድረስ ጉርዱን አንድ ሁለት ቀን መስቀል ይገባል። ፓተርኑን ግን ውድ ሱፍ ከመቁረጥ በፊት በአቡጀዲድ ሰፍቶ ወገብና ዳሌ ላይ መለካት ግድ ነው።

መኪናው ዚግዛግ ስለሌለው የውስጥ ጠርዞች በእጅ ይዘመዘማሉ፤ ብዙዎቹ የቆዩት ደግሞ ወደ ኋላ ስለማይሰፉ የክሩን ጫፍ ቋጥሮ መጨረስ ያስፈልጋል። ለጀማሪ ከሁሉም የሚከብደው አረጋገጡ ነው፤ መዘውሩ ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይወሳሰባል ወይም ይበጠሳል፤ ስለዚህ ያለ ክርና ያለ ጨርቅ ደጋግሞ መለማመድ ይጠቅማል። የቆዳው ቺንጊያም ሲላላ ማሳጠር የተለመደ ጥገና ነው።

አሮጌ ሲንጀር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከቀለሙና ከወርቃማ ጌጡ ይልቅ መዘውሩ ሳይነክስ መዞሩን፣ ቦቢኑም (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ) ክብ መሆኑን ይመልከት። ክላስ 15 ክብ ቦቢንና የዛሬዎቹ የቤት መኪናዎች የሚጠቀሙበትን ዓይነት መርፌ ስለሚወስድ ዕቃው በቀላሉ ይገኛል፤ ረጅምና ቀጭን ቦቢን ያላቸው የቆዩ ሞዴሎች ግን ምንም ያህል ቢያምሩ መለዋወጫ ፍለጋ ያንከራትታሉ።