ለመናፈሻ የእግር መንገድ፦ ገረጋንቲ ወይስ ኮብልስቶን?

የ20 ዓመት የመናፈሻ ዕቅድ ሲነደፍ የአዲስ አበባን ክረምት የሚችል የእግር መንገድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ምርጫው ከዋጋ ሳይሆን ከውሃ ይጀምራል።

ገረጋንቲ ሲሠራ ርካሽ ነው፤ ለሯጭም ጉልበት ይመቻል። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይነጠፋል፣ ውሃ እየተርከፈከፈበት በሮለር ይጠቀጠቃል፣ ውሃ እንዳይተኛበት ወደ ጎን 3 በመቶ ያህል እንዲያዘነብል ይደረጋል። ጉዳቱ የሚታየው ተዳፋት ላይ ነው፦ ቁልቁለቱ ከ8 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ጎርፍ ደቃቁን ጠርጎ ልቅ ጠጠር ያስቀራል፣ መሐሉንም ይቦረቡራል። ክረምት በወጣ ቁጥር መሙላትና ዳግም መጠቅጠቅ ግድ ነው። ለዚህ በየዓመቱ በጀት የማይያዝ ከሆነ ገረጋንቲን አለመምረጥ ይሻላል።

ኮብልስቶን ውድ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ጥርብ ድንጋይ በተጠቀጠቀ መሠረት ላይ፣ በ5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይደረደራል። ቧንቧ ለመቅበር ቢነሳ እንኳ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይነጠፋል። ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ ከዳር ይነሳል፦ የጠርዝ ድንጋዩ በኮንክሪት ካልታሰረ ረድፉ ይላቀቃል፣ አሸዋው ይታጠባል፣ መንገዱ ይሰምጣል። ለዊልቸር ደግሞ ይነቀንቃል።

ዳገቱን በኮብልስቶን፣ ሜዳውን በገረጋንቲ መሥራት ያዋጣል። ትልልቅ ዛፎች አጠገብ ግን የዛፎቹ ሥሮች ድንጋዩን ስለሚያነሱት ገረጋንቲ ይሁን።