የቢል ኢቫንስ ትሪዮ በቪሌጅ ቫንጋርድ፦ ቤዙን እየተከተሉ የሚያዳምጡት ቀረጻ

እሑድ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1961፣ ቢል ኢቫንስ (ፒያኖ)፣ ስኮት ላፋሮ (ቤዝ) እና ፖል ሞሽን (ድራም) ኒው ዮርክ ውስጥ ቪሌጅ ቫንጋርድ በሚባለው ምድር ቤት ክለብ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ፣ ማታ ደግሞ ሦስት ጊዜ መድረክ ላይ ወጡ። ሪቨርሳይድ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ፕሮዲውሰር ኦሪን ኪፕኒውስ አምስቱንም አስቀረጸ። 13 ዜማዎች ተጫውተዋል፤ የተደጋገሙት ሲቆጠሩ 22 ቅጂ ይሆናል። ላፋሮ ከ11 ቀን በኋላ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ገና 25 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ የወጣው አልበም «ሰንደይ አት ዘ ቪሌጅ ቫንጋርድ» በላፋሮ ድርሰት ተከፍቶ በላፋሮ ድርሰት የሚዘጋው ለዚህ ነው። «ዋልትስ ፎር ዴቢ» በሚቀጥለው ዓመት ተከተለ።

ቀረጻው ዛሬም የሚፈለገው በፒያኖው ውበት ብቻ አይደለም። በተለመደው ትሪዮ ቤዙ በየምቱ አንድ ኖታ እየጣለ ይራመዳል፣ ድራሙ ምቱን ይጠብቃል፣ ፒያኖው ከላይ ይዘፍናል። እዚህ ግን ላፋሮ መራመዱን ብዙ ጊዜ ይተወውና የኢቫንስን ሐረግ ተቀብሎ ይመልሳል፤ አንዳንዴም ይቀድመዋል። ይህን ያስቻለው አጨዋወቱ ነው። ክሮቹን ወደ ጣት ማረፊያው ዝቅ አድርጎ አስጠግቷቸዋል፤ የሚመታቸውም በሁለት ጣት እያፈራረቀ ነው። በዚህም ፍጥነትንና ከፍተኛ ኖታዎችን አገኘ፣ የድምፅ ጉልበት ግን አጣ። የቀሩት ሁለቱ ቦታ ባይለቁለት ኖሮ ይዋጥ ነበር። ሞሽን አብዛኛውን በብራሽ (በዱላ ፈንታ በሚያገለግል የሽቦ መጥረጊያ) ይጫወታል፤ የኢቫንስ ግራ እጅ ደግሞ ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ኖታዎች) ሲይዝ መሠረታዊውን ኖታ ትቶ ታችኛውን ክፍል ለቤዙ ባዶ ያደርግለታል። ፒያኖ የሚማር ሰው ከዚህ ቀረጻ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ይህንን ይያዝ።

«ግሎሪያስ ስቴፕ»ን እየቆጠሩ ይስሙት። አንድ ዙሩ 20 ባር (የምት ክፍል) ነው፦ 5፣ እንደገና 5፣ ከዚያ 10። በስምንት ስምንት የለመደ ጆሮ ስድስተኛው ባር ላይ መንገድ ይስታል፤ የጠፋብዎ ሲመስልዎ ዜማው እንደ አዲስ መጀመሩ ነው። «ዋልትስ ፎር ዴቢ» በሦስት ምት ገብቶ ሶሎው (አንዱ ጎልቶ የሚጫወትበት ክፍል) ላይ ወደ አራት ይሻገራል። «ጄድ ቪዥንስ» በ9/8 (በየባሩ ዘጠኝ ምት) ነው፤ አጭር ስለሆነ ቆጠራው ሳይገባዎ ሊያልቅ ይችላል። «ማይ ፉሊሽ ኸርት» ላይ ደግሞ ላፋሮ ቁጥብ ነው፤ ጥቂት ኖታ ጥሎ ያቆያል፣ የሞሽን ብራሽም ከስር ይንሾካሾካል። ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ይኼኛው ነው።

ጉድለት አለው? አለው። ብርጭቆ ይጋጫል፣ ሰው ያወራል፣ ይስቃል፤ ዝግ ባሉት ዜማዎች ላይ በሄድፎን ሲሰሙት ያናድዳል። ግን ሦስቱ ምን ያህል በቀስታ ይጫወቱ እንደነበር የሚለካውም በዚሁ ነው፦ የብርጭቆው ድምፅ ከፒያኖው ጋር እኩል ይሰማል። የ«ግሎሪያስ ስቴፕ» የመጀመሪያ ቅጂ ደግሞ መብራት ተቋርጦበት መሃሉ ተበላሽቷል፤ ስለዚህ በዋናዎቹ አልበሞች ላይ የለም።

በስልክ ስፒከር አይሞክሩት። የቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ኸርትዝ አካባቢ ነው፤ ያንን የሚያወጣ የስልክ ስፒከር የለም። ላፋሮ ላይኛው ክፍል ላይ ሲጫወት ይሰማል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይጠፋል፤ «ማይ ፉሊሽ ኸርት» ብቻውን የተቀመጠ ፒያኖ መስሎ ይቀራል። ደህና ሄድፎን ይበቃል። ቤዝ የሚጨምረውን ማስተካከያ ግን ያጥፉት፤ ኖታዎቹን አድበስብሶ የጣቱን አመታት ይሸፍነዋል።

የትኛው ይገዛ? ለጃዝ አዲስ የሆነ ሰው በ«ዋልትስ ፎር ዴቢ» ይጀምር፤ ዜማዎቹ ቶሎ ይያዛሉ። ቤዝ የሚጫወት «ሰንደይ»ን ያስቀድም፤ «ሶላር» ላይ ያለው ረጅም የቤዝ ሶሎ ብቻውን ዋጋውን ይመልሳል። አንዳንድ የሲዲ እትሞች በሸክላው ላይ ያልነበሩ ተጨማሪ ቅጂዎችን ከዋናው ቀጥለው ስለሚያስገቡ አንድ ዜማ ሁለቴ ተከታትሎ ይመጣል፤ ተጨማሪውን እየዘለሉ የሸክላውን ቅደም ተከተል ቢጠብቁ ይሻላል። በ2005 የወጣው የሦስት ሲዲ ሙሉ ስብስብ ቀኑን በተጫወቱበት ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ በሁለቱ የመጀመሪያ ሸክላዎች ላይ ያልነበረው «ፖርጊ»ም እዚያ አለ። ለማጥናት ይኼ ነው የሚሻለው፦ «ኦል ኦፍ ዩ» ሦስት ጊዜ ስለተቀረጸ ሦስቱን አከታትለው ቢሰሙ ላፋሮ የትኛውን ሐረግ እንደያዘና የትኛውን እንደተወ ይለያሉ። ለመዝናናት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን ሦስት ሲዲ ይበዛበታል።