ትንሿ የኤቺንግ ማተሚያዬ፣ ከስድስት ወር በኋላ

ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠዋን የኤቺንግ ማተሚያ (ኤቺንግ ማለት የመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ የተቦረቦረን ሥዕል ቀለም ሞልቶ ወረቀት ላይ ማተም ነው) ከገዛኋት ስድስት ወር ሞላ። መጀመሪያ ላይ መልሼ ልልካት ምንም አልቀረኝም ነበር። ሦስቱ የመጀመሪያ ኅትመቶች የሥዕሉን ግማሽ ብቻ ይዘው ወጡ፤ መስመሩ እዚህ አለ፣ እዚያ ጋ የለም።

ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ወረቀቱን በደረቁ አሳልፈው ነበር። በኤቺንግ ቀለሙ ያለው መዳቡ ገጽ ላይ አይደለም፣ አሲዱ በልቶ በፈጠረው ቦይ ውስጥ ነው። ወረቀቱ እዚያ ወርዶ ቀለሙን ማውጣት አለበት። ደረቅ ወረቀት ደግሞ አይወርድም። ነክሬ፣ ውሃውን በፎጣ አስመጥጬ ሳሳልፈው በጣም ቀጭኗ መስመር ሳትቀር ወጣች። መመሪያው ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። ብሎን ስለማጥበቅ ግን ሁለት ሙሉ ገጽ!

እውነተኛ ጉድለቷ በወረቀቱና በሚጫነው ሮለር (ተሽከርካሪ ብረት) መካከል የሚነጠፈው ሱፍ ነው። አብሯት የሚመጣው ስስ ስለሆነ ብዙም ሳይቆይ ደርቆ ካርቶን መሰለ። ሱፉ ካልለሰለሰ ሮለሩ የቱንም ያህል ቢጫነው ወረቀቱ ቦዩ ውስጥ አይገባም። ወፍራም ፌልት (የተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ) ገዝቼ ስቀይርላት ሌላ ማሽን ሆነች። (እሱንም በሳምንቱ ቀደድኩት። ስለታሙን የመዳቡን ጠርዝ በሞረድ ሳላዘነብል ነበር ያስገባሁት።) ግራና ቀኝ ያሉት የግፊት ብሎኖች ደግሞ ቁጥር የላቸውም። አንዱ ትንሽ ከጠበቀ የኅትመቱ አንድ ጎን ይገረጣል። እኔ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌባቸዋለሁ።

የቀረው ከማሽኗ ጋር አይገናኝም፤ የእጅ ጉዳይ ነው። ከማተምህ በፊት መዳቡ ገጽ ላይ የተረፈውን ቀለም በሸካራ ጨርቅ ጠርገህ መጨረሻ ላይ በመዳፍህ ታጠራዋለህ። ምን ያህል እንደምትተው የራስህ ምርጫ ነው። የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት አንዳንዴ ገጹ ላይ ሆን ብሎ ስስ ቀለም ይተው ስለነበር፣ ከአንድ መዳብ የወጡ ሁለት ኅትመቶቹ አንዱ ቀን፣ ሌላው ምሽት ይመስላሉ። እኔም ሞከርኩት። የመጀመሪያው ምሽት ሳይሆን ጭቃ ሆነ፤ አራተኛው ላይ ግን ከቤቱ ጣሪያ በላይ ደመና የመሰለ ነገር መጣልኝ። እሱን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

የፖስታ ካርድ ወይም የደብተር ገጽ የሚያክል መዳብ ላይ ለሚሠራ ሰው ግዟት እላለሁ፣ ፌልቱን አብራችሁ እዘዙ እንጂ። ከዚያ ለሰፋ ሥራ ግን አትሞክሯት። ጉልበት የሚያግዝ ጥርስ (ማርሽ) የላትም፣ እጀታው በቀጥታ ሮለሩን ነው የሚያዞረው። ሰፊ መዳብ ሳስገባ ጠረጴዛው አብሮኝ ይሄዳል።