በካሊፎርኒያ ካምፐር ቫን ተከራይታችሁ በሃይዌይ 1 ለመጓዝ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ይህን ሳታነቡ አትፈርሙ

በሴፕቴምበር 2024 እኔና ባለቤቴ የተጋባንበትን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ከሎስ አንጀለስ ተነስተን፣ የፓስፊክ ውቅያኖስን ዳርቻ ይዞ በሚሄደው ሃይዌይ 1 እስከ ሞንተሬይ ለመሄድ አንድ ካምፐር ቫን፣ ማለትም አልጋና ፍሪጅ ያለው ማደሪያ መኪና፣ ለአምስት ቀን ተከራይተን ነበር። አገሩ የሚወራለትን ያህል ውብ ነው፤ በዚያ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከአከራዩ ጋር ነው። ስሙን የማልጠራው ተመሳሳይ ውል የሚያስፈርሙ ሌሎችም ስላሉ ነው፤ የአንዱን ስም ብቻ ይዛችሁ ከሌላው ዘንድ ተዘናግታችሁ እንድትሄዱ አልፈልግም።

ማስታወቂያው በቀን 89 ዶላር ይላል። አምስቱ ቀን 445 ዶላር መሆኑ ነው። ለመክፈል ስንደርስ ግን የተሽከርካሪ ማዘጋጃ 150፣ የጉዳት መከላከያ በቀን 25፣ የአልጋ ልብስና የድስት ዕቃ 60፣ ባለቤቴም እንዲነዳ በቀን 10 ዶላር ተጨመረና ታክሱ ሳይታሰብ 830 ዶላር ገባ። ከዚህ ሌላ 1,000 ዶላር ማስያዣ ጠየቁን፤ እኔም በዴቢት ካርድ ከፈልኩ። ይህ የመጀመሪያው ስህተቴ ነበር፤ ምክንያቱም በዴቢት ካርድ የተከፈለ ገንዘብ የሚወጣው ከራሳችሁ የባንክ ሒሳብ ስለሆነ፣ ክርክር ሲነሳ ገንዘቡ እነሱ ዘንድ ሆኖ እናንተ ለማኝ ትሆናላችሁ።

ቁልፉን ያስረከበን ወጣት ታብሌት ዘርግቶ በጣቱ የፊርማውን ቦታ ብቻ እያሳየ ሦስት ጊዜ አስፈረመኝ። ከኋላችን ሌሎች ደንበኞች ተሰልፈው ስለነበር እኔም አላነበብኩም። በኋላ እንደተረዳሁት የከፈልንበት መከላከያ ጣሪያውን፣ የታችኛውን አካል፣ ጎማዎቹንና የፊት መስተዋቱን አይሸፍንም። የግል መኪናዬን ኢንሹራንስ ስጠይቅም የኪራይ ካምፐር በውላቸው ውስጥ እንደማይገባ ነገሩኝ። ብዙ ክሬዲት ካርዶች ለኪራይ መኪና የሚሰጡት ዋስትናም እንዲህ ያለውን ተሽከርካሪ አይጨምርምና ሳትጠይቁ አትመኑበት።

የመንገዱ ጉዳይ ደግሞ ብቻውን ብዙ ያስወራል። የአከራዩ የጉዞ ካርታ ከሳን ሲሚዮን ተነስቶ ቢግ ሰር የተባለውን ተራራማ የባሕር ዳርቻ አቋርጦ ካርሜል ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያሳያል። ተራራው ወደ ባሕሩ እየተናደ መንገዱን መዝጋቱ ግን በዚያ አካባቢ ያልተለመደ ነገር አይደለም። በ2017 መድ ክሪክ ላይ የደረሰው ናዳ መንገዱን ከአንድ ዓመት በላይ ዘግቶ እስከ ጁላይ 2018 አቆይቶታል፤ እኛ በሄድንበት ጊዜም ከሉሲያ በስተ ሰሜን ሬጀንትስ ስላይድ በሚባለው ቦታ ተዘግቶ ነበር። ይህን ያወቅነው ሳን ሲሚዮን አድረን ጠዋት ከሌሎች ተጓዦች ነው። የካሊፎርኒያ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ካልትራንስ፣ ኩዊክማፕ በተባለው ነጻ ካርታው ላይ የተዘጋውን መንገድ ያሳያል፤ አከራዩም ተጓዡም ቁልፍ ከመለዋወጣቸው በፊት አንድ ደቂቃ ቢያዩት ይበቃ ነበር። ወደ ካምብሪያ ተመልሰን፣ በ46 ቁጥር መንገድ ፓሶ ሮብልስ ወጥተን፣ በ101 ሳሊናስ ደርሰን በ68 ሞንተሬይ ገባን። በ1932 የተከፈተውን የቢክስቢን ድልድይ ያየነው ከሰሜን በኩል ተጠግተን ነው። ውሉ በቀን 100 ማይል ብቻ ስለሚፈቅድ፣ ከ500 ማይል በላይ ለነዳነው 262 ማይል በ45 ሳንቲም ሒሳብ 117 ዶላር ከ90 ተጠየቅን። ይህን ሳልከራከር ከፍያለሁ፤ በውሉ ላይ በግልጽ ተጽፏልና ጥፋቱ ያላነበብኩት የእኔ ነው።

ፍሪጁን ግን ይቅር አልልም። ሞተሩ ሲጠፋ ለፍሪጁና ለመብራቱ ኃይል የሚሰጠው ሁለተኛው ባትሪ ያረጀ ኖሮ፣ በቆምን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል። ሌሊቱን ሽንኩርት ሳቁላላ አድሬ የሠራሁትን ዶሮ ወጥ በሁለተኛው ቀን ስከፍተው አረፋ ደፍቆ፣ ጠረኑ ተለውጦ አገኘሁት፤ ከ12ቱ ብልት አንዱንም ሳንቀምስ ደፋነው። ለችግር ጊዜ ብለው በሰጡን ስልክ ስንደውል የተሰጠን መልስ፣ በየጥቂት ሰዓቱ ሞተሩን አስነስታችሁ ንዱት የሚል ነበር። እንግዲህ ለመቆምና ለማደር የተከራየነውን ተሽከርካሪ ቀንም ሌሊትም እንድንነዳው ነው። በዚያ ላይ ማስታወቂያቸው ደስ ባላችሁ ቦታ አቁማችሁ እደሩ ቢልም፣ በቢግ ሰር የአውራ ጎዳና ዳር ማደር ክልክል ነው፤ የስቴት ፓርክ የድንኳን ቦታዎችም ከስድስት ወር አስቀድሞ ስለሚያዙ በቶሎ ያልቃሉ።

ስንመልሰው ያው ወጣት መሰላል አምጥቶ ጣሪያው ላይ ወጣና፣ ከተንሸራታቹ በር በላይ ባለው ጠርዝ አንድ ክንድ የሚያህል ጭረት አለ አለን። ስንረከብ መሰላል የሚባል ነገር አላየንም ነበር። ለጭረቱ 860 ዶላር፣ ለማይሉ 117 ከ90 ቆርጠው ከ1,000 ዶላር 22 ዶላር ከ10 ሳንቲም መለሱልን።

ያዳነን ወንድሜ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሊሸኘን መጥቶ፣ የዶሮ ወጡን ማቀዝቀዣ ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜ ፎቶ አንስቶኝ ነበር። ፎቶውን አጉልተን ስናይ ጭረቱ ከራሴ በላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቀኑና ሰዓቱም ተመዝግቧል። በጽሑፍ ላክንላቸው፤ ካልመለሱም ጉዳዩን አነስተኛ የገንዘብ ክርክሮችን ወደሚያየው ስሞል ክሌምስ ፍርድ ቤት እንደምንወስድ አስታወቅናቸው። በካሊፎርኒያ ግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር ድረስ በዚያ መክሰስ ይችላል፤ በችሎቱ ላይ ጠበቃ ስለማይቆምም የጠበቃ ወጪ አያስፈራም። ከሰባት ሳምንት በኋላ 860 ዶላሩ ተመለሰ፤ ለፍሪጁ ግን አንድም ሳንቲም አልከፈሉም።

ስለዚህ ለመከራየት የምትሄዱ ከሆነ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፤ የተሳሳተ ሒሳብ ከመጣባችሁ የካርዱ የሒሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም እንደምትችሉም አትርሱ። ጣሪያውን፣ ታቹንና የማይል ቆጣሪውን ሠራተኛው አጠገባችሁ ቆሞ እያለ በቪዲዮ ቅረጹ። ሞተሩን አስጠፍታችሁ ፍሪጁ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ካላያችሁ አትውጡ፤ ቢሰለፉም ከኋላችሁ ያሉት ይጠብቁ። በትናንትናው ዕለት ገጻቸውን ስመለከት ያ ተሽከርካሪ በዚያው አዲስ በሚያስመስለው ፎቶግራፍ፣ በቀን 89 ዶላር ተብሎ እንደገና ለኪራይ ቀርቧል።