ከለንደን እስከ ባዝ፦ ለሹፌራችን ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ከደብረ ታቦር የመጣችውን እናቴን የእንግሊዝን ገጠር በመኪና ያሳየልኝን ወንድም በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ለንደን የሚኖር የኛው ሰው ነው። ስሙ እንዲጠራ ስላልፈለገ ሹፌራችን እያልኩ እቀጥላለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እናቴ ለንደንን ዞራ ካየች በኋላ "ገጠራቸውስ?" አለች። ወሬው ሲሰማ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ምክር ያዋጣ ጀመር። አንዱ ስቶንሄንጅ ይላል፣ አንዱ ኦክስፎርድ፣ ሌላው ኮትስዎልድስ። የነበረን ጊዜ ደግሞ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሹፌራችን ይህን ሁሉ ሰምቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ "እማማ ምን ያህል መራመድ ይችላሉ?" ብሎ ነው። ቀጥሎ "ከታሪክስ የቱን ይወዳሉ?" አለኝ። በማግስቱ አጭር መስመር ላከልኝ፤ ዊንዘር፣ ኤቭበሪ፣ ሌኮክ፣ ባዝ። ሌላውን ሁሉ አወጣው። እኔ በበኩሌ ከመንዳቱ ይልቅ ይህን ሥራውን ነው የማደንቀው።

ቀኑንም የመረጠው እሱ ነው። የዊንዘር ግንብ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ ለጎብኚ ዝግ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ደግሞ እሁድ የሚከፈተው ለአምልኮ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ተነሳን።

እናቴ ያደገችው ሴባስቶፖል ከተሠራበት ከጋፋት ብዙም ሳይርቅ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ነገር ለሷ የሰፈር ወሬ ነው። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ በኋላ በ1868 በሰባት ዓመቱ እንግሊዝ ተወሰደ። በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ ዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ለአገሩ እንዲበቃ የቀረበውን ጥያቄ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም። ቤተ ጸሎቱ ውስጥ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለው። ሹፌራችን የተጻፈውን "ማቴዎስ 25 ነው እማማ" ብሎ ሲጀምርላት እናቴ ከአፉ ነጥቃ "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና" አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ረጅም ጸሎት አደረሰች። ማንም አላጣደፋትም። እሱም ለዚያ የሚሆን ጊዜ አስቀድሞ መድቦ ነበር።

ከዊንዘር በፈጣኑ ኤም 4 ሄድን። ሀንገርፎርድ ላይ ወጥቶ ኤ 4ን ያዘ። ይህ በፈረስ ጋሪ ዘመን ከለንደን ወደ ባዝ የሚሄዱበት የድሮው መንገድ ነው። ማርልቦሮን አልፎ ትንሽ እንደሄዳችሁ በስተቀኝ ሲልበሪ ሂል ይታያል፤ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት በሰው እጅ የተቆለለ ጉብታ ነው። መውጣት ክልክል ስለሆነ ከታች አይተን አለፍን።

ኤቭበሪ በስፋቱ በዓለም አንደኛ የሚባለው የድንጋይ ክበብ ነው፤ መንደሩ ራሱ ከፊሉ ክበቡ ውስጥ ነው ያለው። ስቶንሄንጅ በመደበኛ ሰዓት ድንጋዮቹን የምታዩት ራቅ ብላችሁ ነው። እዚህ ግን መሀላቸው ትገባላችሁ፣ በእጃችሁ ትዳስሳላችሁ። መግቢያ አይከፈልም፤ የምትከፍሉት ለፓርኪንግ ነው። በጎቹ ድንጋዩን ተጠግተው ይግጣሉ። እናቴ አክሱምን አንስታ ከሹፌራችን ጋር ወሬ ያዘች።

ያደርነው ዲቫይዚስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አርብ ጠዋት ወደ ሌኮክ ስንሄድ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ትራክተር መጣብን። ሁለት መኪና አያሳልፍም፤ ግራ ቀኙ አጥር ነው። እናቴ የበሩን እጀታ ጨብጣ "ማርያም ማርያም" ትላለች። ሹፌራችን ቀስ ብሎ ወደኋላ ሄደ፣ ሰፋ ያለው ጥግ ላይ ቆመ፣ ትራክተሩን አሳለፈ። ገበሬው እጁን አነሳ፣ እሱም አነሳ። የኛ አገር መንገድ በቀኝ፣ የነሱ በግራ ስለሆነ፣ ከአገር ቤት መጥታችሁ መኪና ተከራይታችሁ እንነዳለን የምትሉ ይህን አስቡበት።

ሌኮክ አብዛኛው ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ንብረት የሆነ መንደር ነው። ገዳሙ በ1232 ተመሠረተ። እስካሁን ያለው እጅግ ጥንታዊው የፎቶ ኔጋቲቭ የተነሳው በ1835 በዚያ ቤት መስኮት ነው። ደስ ይላል፤ ግን የኛ ልብ ባዝ ነበር።

ባዝ ውስጥ ፌርፊልድ የሚባለው ቤት ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ነው። በ1958 ለከተማዋ ሰጡት፤ ዛሬም አረጋውያን ይሰባሰቡበታል። በየቀኑ ለጎብኚ ስለማይከፈት ሹፌራችን ቀድሞ ደውሎ አስፈቅዶ ነበር። እናቴ ደረጃውን ስትወጣ "ጃንሆይ በዚህ ነው የወጡት?" እያለች ነበር። የቤቱ በጎ ፈቃደኞች በክብር ነው የተቀበሏት፤ እግዜር ይስጥልን።

አርብ ጾም መሆኑንም አልረሳም። ቪጋን ምግብ ያለበት ቤት አስቀድሞ አይቶ ነበር። ከዚያ 46 ዲግሪ የሚሞቀውን የሮማውያን ፍልውሃ አይተን ማታ ለንደን ገባን።

ለምትፈልጉት፦ እንግሊዝ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ጉዞ ሹፌሩም፣ መኪናውም፣ ትእዛዙን የሚቀበለው ድርጅትም ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። ማንንም ብትይዙ ይህን ጠይቁ። ሹፌራችን ሦስቱንም ሳልጠይቀው ነው ያሳየኝ። ነዳጅና ፓርኪንግ ጨምሮ ዋጋውን ከመነሳታችን በፊት በጽሑፍ ላከ፤ በኋላ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። ሩጫ ለሚወዱ፣ በአንድ ቀን አሥር ቦታ ማየት ለሚፈልጉ አይሆንም። ወላጅ ይዛችሁ ለምትሄዱ ግን ከሱ የተሻለ አላውቅም።

ወንድሜ፣ እናቴን እንደ እናትህ ስለያዝክልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የድርጅቱን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለእንግሊዝ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ቶሎ ስለሚያዝ ቀደም በሉ።