ከባስ ጀልባ ወደ ፖንቱን፦ ከ8 ወር በኋላ

ባስ ጀልባዬን፣ ማለትም ባስ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ የተሠራውን ፈጣን ጀልባ፣ የሸጥኩት ጠልቼው አይደለም። 20 ጫማ፣ ባለ 200 ፈረስ ጉልበት፣ ነካ ሲያደርጉት በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር ነገር ማን ይጠላል? ችግሩ ሰው አይወጣበትም። ጥላ የለውም፣ ወንበሩ ጠባብ ነው። አባቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እዚያ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ነፍሴ ልትወጣ ትደርስ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ "ይሄ ሞተር ሳይክል ነው እንጂ ጀልባ አይደለም" ብላ ሁለት ቀን ሞክራው ቀረች።

አሁን ያለኝ 22 ጫማ ፖንቱን ነው፤ በቱቦዎች ላይ የሚንሳፈፍ ጠፍጣፋ ወለል ያለው ጀልባ። ሁለት የአልሙኒየም ቱቦ፣ 115 ፈረስ ጉልበት።

ከነፋሱ ልጀምር፤ ሻጭ የማይነግርህ እሱን ነው። ባስ ጀልባ ዝቅ ብሎ ውሃው ላይ ይተኛል። ፖንቱን ግን ዙሪያውን አጥር፣ ከላይ ዳስ አለው፤ ከሥር ውሃውን የሚይዝበት ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ ነፋስ እንደ ጃንጥላ ይወስደዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ ውስጥ የቆመ ደረቅ ዛፍ ተጠግቼ መንጠቆዬን ሁለቴ ወረወርኩ። ለሦስተኛው ሳዘጋጅ ዛፉ ከኋላዬ ነበር! ከድሮው ጀልባ ፈትቼ ያመጣሁት ባለ 12 ቮልት የኤሌክትሪክ ሞተር (ሲያጠምዱ ጀልባውን ቀስ አድርጎ የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ ሞተር) ምንም አልፈየደም። የፖንቱን ወለል ከውሃው ከፍ ስለሚል ዘንጉ አጠረ፤ ማዕበል በመጣ ቁጥር መዘውሩ ከውሃ እየወጣ አየር ይመታል። በመጨረሻ ባለ 24 ቮልት፣ ዘንጉ 152 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በጂፒኤስ ቦታ የሚይዝ ገዛሁ። ቁልፉን ስጫነው ያለ መልሕቅ እዚያው ይቆማል። ነፋሱ ከበረታ ዳሱንም አጥፋለሁ። ለማጥመድ ብለህ ፖንቱን የምትገዛ ከሆነ የዚህን ሞተር ሒሳብ ከጀልባው ጋር ደምረህ አስብ።

ሁለተኛው ራስ ምታት አጥሩ ነው። በባስ ጀልባ ዓሣው ከሥር ሲሮጥ የማጥመጃ ዘንጌን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክሬ የጀልባውን አፍንጫ ዞሬ እከተለው ነበር። እዚህ አጥሩ ይይዝሃል። አንድ ጠዋት ደህና ባስ በፊት በር በኩል አስጠጋሁ፤ ሊወጣ ሲል ተገልብጦ በሁለቱ ቱቦዎች መሃል ገባ። ክሩ የቱቦው ማያያዣ ላይ ተፋተገ፣ ጠብ! ከዚያ ወዲህ እጀታው ረጅም መረብ ከእጄ አይጠፋም፤ በሩም አስቀድሞ ይከፈታል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ስድስት ሰው ከፊት በኩል አስቀምጬ ሞተሩን ባንዴ ቀነስኩት። አፍንጫው ሰመጠና ውሃው ወለሉ ላይ ወጣ፤ ጫማ ሁሉ ተንሳፈፈ። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ሰው ወደ ኋላ አስቀምጣለሁ፣ ፍጥነቱንም ቀስ ብዬ ነው የምቀንሰው።

ፍጥነቱ? ሰው ሲሞላ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው፤ የምወደው ቦታ ስደርስ ሌላ ሰው ቀድሞኛል።

ግን ድሮ አራት ሰዓት ካጠመድኩ ወገቤ ይለምናል። አሁን ቀኑን ሙሉ እውላለሁ። ወለሉ እንደ ሳሎን ነው፤ አራት ሰው በአራት ማዕዘን ይወረውራል፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው አይንገዳገድም። የድሮው ምንጣፍ መንጠቆ ነክሶ አይለቅም ነበር፤ የዚህ ቪኒል ወለል በጣት ይለቃል። የማጥመድ ስልቴም ተቀየረ። ዳር ዳሩን እየተከተሉ ባስ ማሳደድ ቀንሷል፤ ጥልቅ ውሃ ላይ ቆሞ አምባዛ መጠበቅ በዝቷል። አባቴ ይሄን ይወዱታል።

ስለ እንክብካቤው ብዙ የምለው የለም። ከውሃ ስታወጣው ቱቦውን ወዲያው እጠበው፤ ቆሻሻው ከደረቀ ጉድ ነው። መዳብ ያለበትን የጀልባ ቀለም አልሙኒየም ላይ እንዳትቀባ፣ ብረቱን ይበላዋል። ነፋስ ባለበት ቀን ተጎታቹ ላይ ለመጫን ደግሞ አንድ ረዳት ያስፈልጋል።

የቀረኝ ሥራ ሶናሩ ነው፤ ከውሃው ሥር ያለውን ዓሣ በድምፅ ሞገድ ፈልጎ በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ። ስፈጥን ከቱቦው የሚነሳው አረፋ ዳሳሹን ይሸፍነዋል፣ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ቦታ ቀይሬለታለሁ፤ ለሦስተኛው ዝቅ አድርጌ ላስረው ነው። አባቴ ይሄን ሲያዩ "ዓሣውን ልታጠምደው ነው ወይስ በቴሌቪዥን ልታየው?" ይሉኛል።